የትራክ ሹፌሩ መዝገብ፦ እንቅልፍን ለመጠበቅ የተወለደ ወረቀት



አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ «ሰዓቴ አልቋል፣ ማቆም አለብኝ» ሲል ሰምታችሁት ይሆናል። ይህ «ሰዓት» ከየት መጣ? ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ሲያዩት የትራፊክ ሕግ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የእንቅልፍ ሕግ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዴት ተጀመረ?

በ1935 የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ፣ የሹፌሮችን የሥራ ሰዓት የመወሰን ሥልጣን ለኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን ተሰጠ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የወጣው ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳትን ከለከለ። የደከመ ሹፌር ራሱንም፣ መንገድ ላይ ያገኘውንም ሰው ይገድላል የሚል ስጋት ነበር።

ደንቡን ለማስከበር ደግሞ ወረቀት አስፈለገ። የዕለት መዝገቡ 24ቱ ሰዓታት የተከፋፈሉበት ሰንጠረዥ ሲሆን አራት መስመሮች አሉት፦

1. ከሥራ ውጪ
2. በመኪናው መኝታ ውስጥ
3. መንዳት
4. ሳይነዱ ሥራ ላይ መሆን (መጫን፣ ማራገፍ፣ ነዳጅ መሙላት፣ መኪና መፈተሽ)

ሹፌሩ ቀኑን በመስመር እየሳለ ይሞላና ይፈርማል። የዕለቱንና ያለፉትን 7 ቀናት መዝገብ ይዞ ይጓዛል፤ በ13 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ያስረክባል፤ ድርጅቱም 6 ወር ያስቀምጠዋል።

ሰውነታችንን የረሳው ደንብ

በ1962 ደንቡ ተሻሻለና የ24 ሰዓቱ ገደብ ቀረ። 8 ሰዓት ያረፈ ሹፌር እንደገና 10 ሰዓት መንዳት ተፈቀደለት። እስቲ አብረን እናስላው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሹፌር እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይነዳል፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያርፋል፤ ከዚያ ሁሉም በተኛበት ሰዓት እንደገና መሪ ይጨብጣል። ወረቀቱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። አንጎላችን ግን በ24 ሰዓት ዑደት የሚሠራ የራሱ ሰዓት አለው፤ በ18 ሰዓት ዑደት አይሄድም። ይህ ደንብ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ።

ሌላም ችግር ነበር። ብዙ ሹፌሮች የሚከፈላቸው በማይል ነው፤ ለመጫን ወረፋ ሲጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም። ስለዚህ ነድተው «አረፍኩ» ብለው የሚሞሉ፣ ሁለት መዝገብ የሚይዙም ነበሩ። ሹፌሮቹ ራሳቸው መዝገቡን «ኮሚክ ቡክ» ብለው ይቀልዱበት ነበር።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

ከጥር 2004 ጀምሮ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፦ 11 ሰዓት መንዳት፣ ሥራ ከተጀመረ ከ14 ሰዓት በኋላ አለመንዳት፣ 10 ሰዓት ማረፍ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ ለእኛ ለሐኪሞች ትልቅ ትርጉም አለው፦ ሕጉ የሹፌሩ ጤና እንዲታይ ያስገድዳል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አላየውም። መሥሪያ ቤቱ ስለ ጤና ማብራሪያ ጨምሮ ደንቡን በ2005 ሲመልሰው 11ዱ ሰዓት እንዳለ ቀረ።

ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ደግሞ ወረቀቱ ለአብዛኞቹ ሹፌሮች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተተካ። ከሞተሩ ጋር ስለሚገናኝ መኪናው ሲንቀሳቀስ ራሱ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት የሰዓት ጥሰት ቀነሰ፤ አደጋ ግን በሚታይ መጠን አልቀነሰም። ሰዓት የሚሻማ ሰው ፍጥነት ይጨምራልና።

መሣሪያው የማያየው

መሣሪያው መኪናው መቆሙን ያውቃል፤ ሰውየው መተኛቱን አያውቅም። ከ10ሩ የዕረፍት ሰዓት ላይ ምግብ፣ ሻወርና ስልክ ይቀነሳሉ። በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። ይህን የሚመዘግብ መስመር የለም። እዚህ ላይ ነው እናንተ የምታስፈልጉት፦

✅ ከኢትዮጵያ ስትደውሉ መቼ እንደሚተኛ አስቀድማችሁ ጠይቁት። የእናንተ ጠዋት የእሱ ሌሊት ነው፤ ናፍቆታችሁ እንቅልፉን አይቀማው።

✅ «ስንት ሰዓት ነዳህ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ተኛህ?» በሉት። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል።

✅ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው ወይም ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ሐኪም ይየው። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ሕክምና አለው። «ሥራዬን ያሳጣኛል» ብሎ መደበቅ ግን አደገኛ ነው፤ ታክመው በሥራቸው የቀጠሉ ሹፌሮች ብዙ ናቸው።

✅ እንቅልፍ ሲመጣበት መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር አያድነውም። መፍትሔው አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ መተኛት ነው።

መዝገቡ ከተፈለሰፈ ጀምሮ ሰዓት ሲቆጥር ኖሯል። እንቅልፉን የሚቆጥርለት ግን ቤተሰቡ ነው።

ትራክ የሚነዳ ዘመድ ላላቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤና!