የአሮጌ መኪና ቀለም ማን ይምረጠው?

በኩዌት የመጀመሪያዋ መኪና ተብላ የምትጠቀሰው በቤልጂየሟ አንትወርፕ ከተማ የተሠራችው ሚነርቫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1912 አካባቢ ለሼክ ሙባረክ አል ሳባህ ስትመጣ ኩዌት ከተማ ገና ዕንቁ በሚያወጡ ጠላቂዎችና በመርከበኞች የምትተዳደር ወደብ ነበረች። ሰኔ 30 ቀን 1946 የመጀመሪያው ድፍድፍ ነዳጅ ለውጭ ገበያ ተጫነ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። በ1952 የእንግሊዝ ባለሙያዎች የነደፉት ማስተር ፕላን ከተማዋን በቀለበት መንገዶች ከፋፈላት። በ1920 የተገነባው የጭቃ ግንብ በ1957 ሲፈርስ በሮቹ ብቻ ቀሩ። ነዋሪዎችም ከአሮጌዎቹ ሰፈሮች ወደ ሻሚያ፣ ካይፋን፣ ዳስማና ፋይሃ ፈለሱ። እነዚህ ሰፈሮች ከመጀመሪያው የታቀዱት መኪና ላለው ሰው ታስበው ነው። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፈች አንዲት ሼቭሮሌት ወይም ቢዩክ የባለጸጋ ጌጥ ብቻ ሳትሆን፣ ያ ለውጥ እንዴት እንደተካሄደ የምትመሰክር ማስረጃም ናት።

እንዲህ ያለች መኪና ለእድሳት በሹዋይክ የኢንዱስትሪ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ስትገባ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ቀለም እንቀባት?» የሚል ነው። ባለቤቱም ወዲያው የቀለም ናሙና ማገላበጥ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት መኪናዋ ራሷ ናት እላለሁ። በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ የተመታች ትንሽ ሳህን አለች፤ የውጭውን ቀለምና የወንበሩን ልብስ ኮድ ትናገራለች። ሳህኗ ብትጠፋ እንኳ ላሜራው አይዋሽም። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በዕቃ መጫኛው ክዳን ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ቀስ እየተባለ ሲታሽ ቀለሞቹ እርስ በርስ የተከበቡ ቀለበቶች ሆነው ይወጣሉ፦ ላይ የቅርብ ጊዜው ነጭ፣ ከሥሩ ግራጫ ስቱኮ፣ ቀጥሎ አንድ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም የፋብሪካው ቀለምና አንቲሩጂኑ። ፀሐይ ያልነካው እውነተኛ ቀለም የሚገኘውም እዚያው ነው። ዛሬ ቀለም የሚለካ መሣሪያ በየቦታው አለ፤ መሣሪያው ግን ያሳዩትን ብቻ ያነባል። የኩዌት ፀሐይ አርባ ዓመት ያነጣውን ጣሪያ ካሳዩት የደበዘዘውን ቀለም አዲስ አድርጎ ይመልሳል።

የቀለሙ ስም ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ዓይነቱም ታሪክ አለው። ሚነርቫን በመሰሉ መኪኖች ዘመን ቀለም በብሩሽ እየተደራረበ፣ በየመሀሉ እየታሸና እየደረቀ ሳምንታት ይወስድ ነበር። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ የሠራው ምርትን ለማፋጠን ነው። ዱፖንት ያወጣው ዱኮ የተባለ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በ1924 ሞዴል የኦክላንድ መኪኖች ላይ ሲውል ግን የቀለም ምርጫ ለብዙኃኑ ገዢ ተከፈተ። የ1950ዎቹ ባለ ሁለት ቀለም የአሜሪካ መኪኖች የዚያ ለውጥ ልጆች ናቸው። እነዚያን መኪኖች ዛሬ በተለመደው፣ ከላይ እንደ መስታወት በሚያብረቀርቅ ወፍራም ጥርት ያለ ሽፋን መቀባት ቀለሙን ትክክል አድርጎ መልኩን መሳት ነው። የድሮው ቀለም ብርሃኑ ለስለስ ያለ ነው። ለእሱ የሚቀርበውን፣ ከላይ ጥርት ያለ ሽፋን የማይደረብበትን የአንድ ደረጃ ቀለም መጠየቅ ይገባል።

ውስጡ ከውጭው የባሰ የሚበደል ይመስለኛል። ጥሩ ቆዳ ያገኘ ባለቤት ሁሉንም በቀይ ወይም በክሬም ማልበስ ይቀናዋል። የ1955 ሼቭሮሌት ቤል ኤር ወንበር ግን ከውጭው ቀለም ጋር እንዲስማማ ተደርጎ በጨርቅና በቪኒል የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው የትኛው ውስጥ ከየትኛው ውጭ ጋር እንደሚሄድ በሰንጠረዥ ወስኖ ነበር። አንዱን ለይቶ መቀየር ሌላውን እንግዳ ያደርገዋል። ማስረጃው እዚህም አለ፦ የወንበሩ ስፌት ሲተረተር ወደ ውስጥ የታጠፈው ጠርዝ፣ ከበሩ መሸፈኛ ጀርባ የተደበቀው ጨርቅ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የወደቀ ቁራጭ ምንጣፍ። ማንኛውም ሠራተኛ አሮጌውን ልብስ ከመጣሉ በፊት እነዚህን ቆርጦ ማስቀመጥ አለበት።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው የፋብሪካው ቀለምና መኪናዋ በኩዌት ስታገለግል የለበሰችው ቀለም ሲለያዩ ነው። ዓለም አቀፉ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር ከእድሳት ይልቅ ጥበቃን ያስቀድማል፤ በአገልግሎት ዘመን የመጡ ለውጦችንም የታሪኩ አካል አድርጎ ያያል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሰማያዊና ነጭ የሆነች የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲን ገፎ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀለም መመለስ የከተማዋን ትዝታ ከላሜራው ላይ መፋቅ ነው። በኩዌት ደግሞ በ1990ው የኢራቅ ወረራ ብዙ መኪና ስለተዘረፈና ስለወደመ የተረፈው ሁሉ ውድ ነው። መኪናዋ በአገሪቱ ምን እንደሠራች የሚመሰክር ቀለም ካለ እሱ ይመረጥ። የአደጋ ጠባሳ ለመሸፈን ብቻ የተርከፈከፈ ከሆነ ግን ወደ ፋብሪካው ቀለም መመለስ ተገቢ ነው።

«ሙቀቱስ?» የሚል ይኖራል፤ መቃወሚያው ቀላል አይደለም። በ2016 ሐምሌ በኩዌቷ ሚትሪባ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ባደረገው ጥናት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ብርማ መኪና ውስጡ ከጥቁሩ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። ይህ በየቀኑ ለሥራ ለምትነዳ መኪና ነጭን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው። የታደሰች አሮጌ መኪና ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትውልም፤ ጋራዥና ልባስ የሚከላከሉላትን አደጋ ታሪኳን በመለወጥ መከላከል አያስፈልግም። ከዚህ የሚከብደው የባለቤቱ መብት ነው፦ ገንዘቡ የእሱ ነው፣ የወደደውን ቢቀባ ማን ይከለክለዋል? ማንም። ቢሆንም ከሥር ያለውን ታሪክ ሳያጠፋ ማድረግ ይችላል። አሮጌው ቀለም እስከ ባዶ ብረት ድረስ በአሸዋ ከመገፈፉ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ የሳህኗ ኮድ ይጻፍ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ የእጅ መዳፍ ያህል ቦታ ሳይነካ ይቀመጥ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መኪናዋን የሚገዛ ሰው ያኔ ከመጀመሪያው መጀመር ይችላል።