ከአራዳ ገበያ እስከ ፈቃድ ወረቀት፦ ሲቪሉና የጦር መሣሪያው

በኢትዮጵያ አንድ ሲቪል ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ሊይዝ የሚችለው ፈቃድ ካለው ነው። ይህን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ቀደም ባለው ዘመን ግን መንግሥታትን ይበልጥ ያከራከራቸው የመሣሪያው መግቢያ በር ነበር።

በ1882 ዓ.ም. የተፈረመው የብራሰልስ ስምምነት ወደ አብዛኛው አፍሪካ የሚገባውን ዘመናዊ መሣሪያ ገደበ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማዳከም ነው ቢባልም፣ ውጤቱ የቅኝ ገዥዎችን ወደብ ጠባቂነት ማጠንከር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ባሉ ነጋዴዎች በኩል መሣሪያ ማስገዛታቸውን አላቋረጡም። ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ አገሩን ከማጥለቅለቁ የተነሣ ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። መኳንንቱ ወደ አዲስ አበባው ገበያ ወደ አራዳ ሲወጡ ክብራቸው የሚለካው ጠመንጃ አንግቦ በሚያጅባቸው ሰው ብዛት ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል መሣሪያ የሚገባው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከፈራሚዎቹ አንዷ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች፤ ውሉም ሳይረዳ ቀረ።

የታጠቀ ሕዝብ ሕግ አስከባሪ ሲያጣ የሚሆነውን አራዳ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አይታለች። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማውን ከለቀቁ በኋላ፣ ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 እስኪገቡ ድረስ ዘረፋ ነገሠ። የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቆች ተሰበሩ፣ ተቃጠሉ። ሱቅ የነበረው ሰው ያለው ምርጫ በሩን ዘግቶ መተኮስ ወይም በሲክ ወታደሮች ወደሚጠበቀው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን መሸሽ ነበር። ወራሪው እንደገባ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዘ፤ ብዙው ጠመንጃ ግን ከአርበኛው ጋር ጫካ ገባ።

በደርግ ዘመን ቁጥጥሩ ቤት ድረስ ገባ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው አሰሳ ቤቶች በተራ ተፈተሹ። መሣሪያ መፈለግ የደርግ ተቃዋሚ የነበረውን የኢሕአፓን አባላት ከማደን ጋር የተቆላለፈ በመሆኑ፣ ሽጉጥ የተገኘበት ሰው የሚጠበቅበት የፖለቲካ ክስ እንጂ የፈቃድ ጥያቄ አልነበረም።

የ2012ቱ አዋጅ የወጣው በየክልሉ ግጭትና የመሣሪያ ዝውውር በበረታበት ጊዜ ነው። ማን መታጠቅ እንደሚችል ይወስናል፤ ግለሰብ መሣሪያ እንዳይነግድና እንዳያከማች ይከለክላል። አዋጁን መተላለፍ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያደርስ ሲችል፣ በብዛት የነገደ ከ8 እስከ 20 ዓመት ይጠብቀዋል።

ከጦር መሣሪያ በተለየ ከዘራና ዱላ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም፤ አጠቃቀማቸው ግን ያስጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፈረሰውን ዶሮ ማነቂያን በመሰለ የመጠጥ ቤት ሰፈር የሚነሣ የሌሊት ጠብ ፍርድ ቤት ሲደርስ ራስን የመከላከል ክርክር የሚመዘነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ነው፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ መከላከል የማይቻልና አጸፋውም ተመጣጣኝ ሊሆን ይገባል። ልኩን ያለፈ ተከላካይ በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ እንደ ንጹሕ ተከላካይ አይታይም። መሣሪያው ፈቃድ ካልነበረው ደግሞ ያ ለብቻው ሌላ ክስ ነው።