ስፒከሩ ለምን «እምምም» ይላል? የሁለተኛው ሽቦ ታሪክ

ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ያለፋችሁ ተማሪዎቼ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ማንም ሳይናገር ስፒከሩ ብቻውን «እምምምም» ይላል። አንዱ «ሚክሰሩ አርጅቷል» ይላል፣ ሌላው «መብራቱ ነው» ይላል። እኔ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ ችግሩ ከሚክሰርም ከስፒከርም በዕድሜ ይበልጣል።

ቤል በ1876 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የስልክ ፓተንት ሲያገኝ፣ ስልክ የቴሌግራፍን አሠራር እንዳለ ወረሰ። የቴሌግራፍ መስመር አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ሽታይንሃይል የሚባል ጀርመናዊ በ1838 መሬት ራሷ እንደ መመለሻ ሽቦ ልታገለግል እንደምትችል አሳይቶ ነበርና ግማሹ ሽቦ ይተርፋል ማለት ነው። ማን ይጠላል! ለቴሌግራፍ «ቲክ ቲክ» ይህ በቂ ነበር። የሰው ድምፅ ግን ደካማ ነው፣ ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚሰማ ነው። የጎረቤት ቴሌግራፍ ይንኳኳበታል፣ የሌላ ሰው ወሬ ሾልኮ ይገባበታል። ይባስ ብሎ በ1888 ፍራንክ ስፕራግ በአሜሪካ ሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ አስጀመረ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የትራሙ ከረንት የሚመለሰው በሐዲዱና በመሬቱ ነው። ስልኩም በዚያው መሬት ነው የሚመለሰው። ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚረግጥ መገመት አያቅትም።

የሚገርመው መፍትሔው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ቤል ራሱ በ1881 ሁለት ሽቦ እርስ በእርስ ተጠማዞ ስለሚሠራ የስልክ መስመር ፓተንት አውጥቷል። ግን ሽቦ በእጥፍ መግዛት ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ትራሙ እስኪያስገድዳቸው ድረስ በአንዱ ሽቦ ገፉበት።

ሁለተኛው ሽቦ ምን ያደርጋል? በቁጥር እንየው። በአንዱ ሽቦ +1፣ በሌላው −1 ላክን እንበል። መንገድ ላይ ጫጫታ መጥቶ ሁለቱም ላይ እኩል 0.2 ጨመረ። አንዱ 1.2 ሆነ፣ ሌላው −0.8። ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ብቻ ነው፤ 1.2 ሲቀነስ −0.8፣ እኩል ይሆናል 2። ጫጫታው የለም! ባላንስድ የምንለው ይህ ነው። ቁልፉ ግን +1 እና −1 መሆናቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ሽቦዎች ጫጫታውን እኩል እንዲቀበሉ መሠራታቸው ነው ዋናው፤ ሚዛን የተባለውም ለዚህ ነው።

የማይክ ኬብል፣ ያ ባለ ሦስት እግሩ ኤክስኤልአር፣ የዚያ ስልክ ልጅ ነው። 1 ቁጥር ሺልድ፣ 2 እና 3 ቁጥር ሁለቱ ሽቦዎች። የላፕቶፕና የዲቪዲ ኬብል ግን አንባላንስድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ ሽቦና ሺልድ ብቻ። መመለሻው ሺልዱ ራሱ ነው። ለቤት፣ ለአንድ ሁለት ሜትር፣ ምንም አይልም። አዳራሽ ውስጥ 20 ሜትር ዘርግታችሁ ሁለቱን ጫፍ በየራሱ ሶኬት ላይ ስትሰኩት ግን ተመልሳችሁ የትራሙ ዘመን ገባችሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከገበያ የተገዛ፣ በአንድ በኩል የስልክ ጃክ፣ በሌላ በኩል ኤክስኤልአር ያለው ኬብል ነበራቸው። ሰልፍ ላይ መዝሙር ከሞባይል ሲከፍቱ ሙዚቃው አለ፣ ዘማሪዎቹ የሉም! ኬብሉ የግራውን ቻናል 2 ቁጥር ላይ፣ የቀኙን 3 ቁጥር ላይ ነው የበየደው። ሚክሰሩ እንደ ልማዱ ሁለቱን ቀነሰ። የዘማሪዎቹ ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሆነ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጠፋው።

ከላፕቶፕ ወደ ሚክሰር ባላንስድ መግቢያ ኬብል የምትበይዱ ከሆነ፣ ውስጡ ሁለት ሽቦ ያለው ባለ ሺልድ ኬብል ግዙ። የአንዱን ቻናል ጫፍ ወደ 2፣ የጃኩን ግንድ በሁለተኛው ሽቦ ወደ 3፣ ሺልዱን ወደ 1። ሃም ካስቸገረ ሺልዱን በአንዱ ጫፍ ብቻ ማላቀቅ ትችላላችሁ።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ቦታ ሃም ሲመጣ የሚደረገው የመብራቱን ኧርዝ መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ነው። አዎ፣ «እምምም» ይጠፋል። ግን ያ ኧርዝ የተቀመጠው ለድምፅ ጥራት አይደለም፤ የዕቃው ውስጥ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ፣ ማይክ የያዘው ልጅ በሰውነቱ መንገድ እንዳይሆን ነው። ሌስ ሃርቪ፣ ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት፣ በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ የሌለው ማይክ ነክቶ ሞቷል። ሙያተኛ ነበር፣ መድረኩም ሥራው ነበር።

ኧርዙን ሳይነኩ ሃሙን የሚያቆም ዕቃ አለ፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ። ድምፁን በማግኔት ያሻግራል፣ የሁለቱን ዕቃዎች ኧርዝ በኬብሉ በኩል አያገናኝም። መጀመሪያ ግን ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ይበቃል። ኧርዙ የተቆረጠ ሶኬት የምታውቁ ካላችሁ ነገ ጠዋት አስቀይሩት። የኬብላችሁ አበያየድ ግራ ካጋባችሁ ጫፉን ከፍታችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አብረን እናየዋለን።