ገደብ እና አመክሮ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ፕሮቤሽን» እና «ፓሮል» የሚባሉትን ሁለቱንም «አመክሮ» ሲሏቸው ይሰማል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ።

«አመክሮ» ከግእዙ «አመከረ»፣ ማለትም ፈተነ፣ የመጣ ቃል ነው። በገዳም መናኙ ከመመንኮሱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜም አመክሮ ይባላል። በሕግ ሲሆን፣ እስረኛ ከቅጣቱ ከፊሉን ከፈጸመ በኋላ ቀሪውን በውጭ፣ በጠባይ ግዴታ እንዲጨርስ መፈታት ነው፤ ፓሮል ይህ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ለዚህ በመደበኛው ሁለት ሦስተኛውን መታሰር ያስፈልጋል። «ገደብ» ግን ፍርድ ቤት ቅጣቱን ራሱ አግዶ ጥፋተኛውን በቤቱ ሳለ የሚፈትንበት ነው፤ ለፕሮቤሽን የሚቀርበው ይህ ነው።

ልዩነቱ በሮድ አይላንድ ጎልቶ ይታያል። በስፋት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ትንሿ ናት። በአብዛኞቹ ግዛቶች ፍርድ የሚጠባበቁ ተከሳሾች የሚቆዩት በካውንቲ ማረፊያ ቤት ነው። በሮድ አይላንድ ግን ተጠርጣሪውንም ፍርደኛውንም የሚይዘው አንድ የግዛቱ መሥሪያ ቤት ሲሆን እስር ቤቶቹ ያሉት በክራንስተን ከተማ ነው። በገደብም በአመክሮም በውጭ ያሉትን የሚከታተለው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ውሳኔው ግን ከተለያየ እጅ ይወጣል፤ ገደብን ዳኛ ይሰጣል፣ አመክሮን የፓሮል ቦርድ ይፈቅዳል። ከስድስት ወር በላይ የተፈረደበት ሰው በአብዛኛው ሲሶውን ከጨረሰ ለቦርዱ መቅረብ ይችላል።

ስለዚህ አስተርጓሚዎች፣ ፕሮቤሽንን «ገደብ»፣ ፓሮልን «አመክሮ» በሉ።