ከመኪና የኋላ ወንበር የተነሳው ባንድ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ዘፈኖቹን ጽፌ ጨርሻለሁ። ግን ባንድ የለኝም፣ ስቱዲዮም አቅሜ አይደለም» ይላል። መልሴ ስለረዘመ እዚህ ላስፍረው ብዬ ነው። የታሪክ አስተማሪ መቼም ሲጠየቅ ታሪክ ነው የሚያወራው።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወዳጆቼ ሊስበርግ የምትባለውን ከተማ ሳታውቋት አትቀሩም። በፈረንጆቹ 2010 እዚያ ዊል ቶሌዶ የሚባል ወጣት ብቻውን ዘፈን ይሠራ ነበር። ሰው እየሰማው መዝፈን ያሳፍረዋል። ስለዚህ የቤተሰቡን መኪና ሱቆች ደጅ ያቆምና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ድምፁን ላፕቶፕ ላይ ይቀዳል። ሥራውንም «ካር ሲት ሄድሬስት» አለው፤ የመኪና ወንበር ራስ መደገፊያ ማለት ነው። ስሙ የባንድ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ያለው አንድ ልጅ ነው።

በዚያው ዓመት ብቻ አራት አልበም ባንድካምፕ ላይ ለቀቀ። ርዕስ እንኳ አልሰጣቸውም፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ቆጠራቸው! በ2011 በ19 ዓመቱ «ትዊን ፋንታሲ» የሚለውን አወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቃላቱም አንዳንዴ አይለዩም፤ ሰው ግን ወደደው። እኔም ወድጄዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ2014 ወደ ሲያትል አካባቢ ሄደ። ድራመሩን አንድሪው ካትዝን ያገኘው ኢንተርኔት ላይ በወጣ ማስታወቂያ ነው። በ2015 ማታዶር የተባለው አሳታሚ አስፈረመው። በ2016 «ቲንስ ኦፍ ዲናያል» ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ግን የሌላ ባንድ ዘፈን የተጠቀመበት ክፍል ፈቃድ ተከለከለና የታተሙት ቅጂዎች ተሰብስበው ተወገዱ። ከልካዩ የ«ዘ ካርስ» መሪ ሪክ ኦካሴክ ነበር። «መኪኖቹ» ማለት እኮ ነው! ልጁን መኪና አልለቀው ብሎ ነው መሰለኝ።

እኔን የሚገርመኝ ግን በ2018 ያደረገው ነው። ባንድም ስቱዲዮም ሲያገኝ አዲስ ነገር ከመሥራት ይልቅ ያንኑ የ19 ዓመት ልጅ አልበም ከነባንዱ እንደገና ቀዳው። ግጥሙን አንዳንድ ቦታ ለወጠ፤ 10 ደቂቃ የነበረ አንድ ዘፈን 16 ደቂቃ ሆነ። አሮጌውን ግን አልደበቀውም፣ ሁለቱም ዛሬ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አዲሱ ጉልበት አለው፤ ከበሮው ደረት ይመታል። ያም ሆኖ ማታ ብቻዬን ስሆን የምከፍተው የ2011ዱን ነው። በዚያኛው ውስጥ ጎረቤት እንዳይሰማው የሚፈራ ልጅ አለ፤ ያንን ፍርሃት አራት ሰው ሆኖ መልሶ መቅዳት የሚቻል አይመስለኝም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ሁለቱንም ሰምታችሁ ፍረዱ።

በ2025 በወጣው «ዘ ስኮላርስ» ላይ ደግሞ ጊታሪስቱ ኢተን አይቭስም ይዘፍናል። በዚያ ስም ሌላ ሰው ሲዘፍን መስማት መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር።

እና አንተ ልጅ፣ ያቺ የአባትህ ቪትዝ አሁንም አለች?