የድረ ገጽ ቋንቋዎች ንጽጽር፦ ለማኅበራችን የትኛው ይሻላል?

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ማኅበር ባቋቋምን ቁጥር፣ እድርም ይሁን የስፖርት ክለብ፣ የአማርኛ ትምህርት ቤትም ይሁን መጽሔት፣ ከሁለት ስብሰባ በኋላ «ድረ ገጽ ያስፈልገናል» ማለታችን አይቀርም። እኔም በዚሁ ሙያ ስለምተዳደር ጥያቄው እየዞረ ወደ እኔ ይመጣል። «በምን ይሠራ? አንዱ ፒ.ኤች.ፒ. ይላል፤ አንዱ ፓይተን ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ ከሪአክት ወዲያ ላሳር ይላሉ። አንተስ ምን ትላለህ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የቋንቋዎቹን ፍጥነትና ዝና የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ሞልተዋል። ለእኛ ግን ከፍጥነት የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ፊደላችንን ሳያበላሽ ይይዛል ወይ? ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው ሲሄድ ማን ይረከበዋል?

ቋንቋና ፍሬምዎርክ

የፕሮግራም ቋንቋ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የምንጽፍበት ነው። ፍሬምዎርክ ደግሞ በየድረ ገጹ የሚደጋገመውን ሥራ፣ ማለትም የአባላት መግቢያውን፣ የቅጽ መሙያውንና ከመረጃ ቋት ጋር መገናኛውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚሰጥ ነው። ቋንቋው እንጨቱና ጭቃው ቢሆን፣ ፍሬምዎርኩ ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ታስሮ የሚረከቡት ቤት ነው፤ ለእርስዎ የሚቀረው መምረግና ማስጌጥ ነው።

ቋንቋዎቹ በየተራ

ፒ.ኤች.ፒ.፦ ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 ለሕዝብ ያወጣው ነው። ባለሙያዎች ሲያሙት ይኖራሉ፤ እሱ ግን ሥራውን ይሠራል። በ2003 የተጀመረው ዎርድፕረስ የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ2020ዎቹ በተደረጉ ቆጠራዎች ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ የሚሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። የራሱን ፕሮግራም ለሚጽፍ ደግሞ በ2011 የወጣው ላራቬል አለ። ትልቁ ጥቅሙ በርካሽ የሚከራዩት ሰርቨሮች ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚያስተናግዱት መሆኑ ነው።

ፓይተን፦ የጊዶ ቫን ሮሰም ሥራ ሲሆን በ1991 ወጣ። ለማንበብም ለመማርም ቀላል ነው። ጃንጎ የተባለው ፍሬምዎርኩ በ2005 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ የተወለደውም በካንሳስ፣ ላውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ለሚያትም ሰው ይመቻል፤ የአዘጋጆቹ መሥሪያ ገጽ ተሠርቶ አብሮት ይመጣል። ሰርቨሩን ማዘጋጀት ግን ከፒ.ኤች.ፒ. ይልቅ እውቀት ይጠይቃል።

ሩቢ፦ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ በ1995 ያወጣው ነው። በ2004 የወጣው ሬይልስ በጥቂት መስመር ብዙ በማሠራት ሌሎቹን ሁሉ አስተምሯል። እኔ በማውቃቸው ማኅበሮች ግን ሩቢ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጃቫስክሪፕት፦ ብሬንዳን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን የጻፈው ቋንቋ ነው። በ2009 ኖድ ሲመጣ ከብራውዘር ወጥቶ ሰርቨር ላይም መሥራት ጀመረ። ከፌስቡክ የመጣው ሪአክት በ2013፣ ቪው በ2014 ወጡ። ወጣቶቻችን በብዛት የሚያውቁት ይህንን ነው። ጥንቃቄ ካልተደረገ ግን ገጹ አንድ ፊደል ከማሳየቱ በፊት ብዙ ፕሮግራም ወደ አንባቢው ስልክ ያወርዳል። በፈጣን መስመር ለምንጠቀም አይሰማን ይሆናል፤ አገር ቤት በሞባይል ካርድ ለሚያነብ ዘመዳችን ግን ገንዘብ ነው።

ጃቫና ሲ ሻርፕ፦ የባንክና የትልልቅ መሥሪያ ቤት ቋንቋዎች ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ ለትንሽ ማኅበር ግን ለአንድ ሰው ቁርስ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

ጎ፦ ጉግል በ2009 ያወጣው ፈጣን ቋንቋ ነው። ከፈጣሪዎቹ ሁለቱ፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጽፍበትን ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 የተባለ የፊደል አቀማመጥ በ1992 የፈጠሩ ሰዎች ናቸው።

የፊደል ፈተና

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ያ ዘመን አለፈ፤ ችግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ለእኛ 3 ፊደል ነው። ፓይተን 3፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሩቢ፣ ጃቫና ሲ ሻርፕም 3 ብለው ይቆጥራሉ። ፒ.ኤች.ፒ. በተለመደው መቁጠሪያው 9 ይላል፤ ጎም እንዲሁ። ይህ ተራ ነገር አይምሰላችሁ። ፕሮግራም ጸሐፊው «የጽሑፉን መጀመሪያ 100 አሳይ» ብሎ ካዘዘ በ100 ፊደል ፋንታ 30 ምናምን ፊደል ብቻ ይወጣል፤ የመጨረሻው ፊደልም ከመካከሉ ተቆርጦ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሁለቱም ቋንቋዎች መድኃኒቱ አላቸው፤ ነገር ግን የሚሠራው ሰው ማወቅና መጠቀም አለበት።

ከሁሉ የከፋው በመረጃ ቋቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ስምንተኛው እትሙ በ2018 እስኪወጣ ድረስ ካልነገሩት በቀር የሚያስቀምጠው በላቲን አቀማመጥ ነበር። አማርኛው እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። አንዴ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ የሚመልሰው ቋንቋም ፍሬምዎርክም የለም።

ፍለጋም አለ። ዓለም እና አለም፣ ፀሐይ እና ጸሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ቋንቋዎች አንዱም ሀን፣ ሐንና ኀን በራሱ አንድ አያደርግም። ፈላጊው የሚፈልገውን እንዲያገኝ ይህን አስቦ መጻፍ የፕሮግራም ጸሐፊው ሥራ ነው። በዘመን አቆጣጠር በኩል ግን መልካም ዜና አለ፤ የጃቫስክሪፕት የቀን መጻፊያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ የፒ.ኤች.ፒ. ኢንትል የተባለው ተጨማሪ ክፍልም ያውቃል። ፓይተን ከራሱ ጋር በሚመጣው አያውቅም፤ ተጨማሪ ላይብረሪ ይፈልጋል።

ማን ይረከበዋል?

ቴክኖሎጂ ያረጃል። በ2000ዎቹ ገጾቻችንን ያስጌጥንበት ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አንጉላር ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ቆመ። የፓይተን ሁለተኛ እትምም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጠባቂ የለውም። ማርጀታቸው አያስደንቅም፤ አደጋው ሲያረጁ የሚያድሳቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

አንድ ማኅበር አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ገጹን የሠራው ተማሪ ጎበዝ ነበር፤ በጊዜው አዲስ በነበረው አንጉላር አሳምሮ ሠራው። ተመረቀ፣ ሥራ አግኝቶ ሌላ አገር ሄደ። የሰርቨሩ ክፍያ በእሱ ካርድ ነበር፤ የይለፍ ቃሉም በእሱ እጅ። ካርዱ ሲያልፍበት ገጹ ተዘጋ። ለዓመታት የተሰበሰበው የሐዘን መልእክትና ፎቶግራፍ፣ የአባቶች ትዝታ ሁሉ አብሮ ሄደ። ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው የሚገለበጥ ነገር ሳይቀር ነው። በፓይተን ቢሠራም ኖሮ ያው ነበር።

ምን ይመረጥ?

ማኅበርዎ ማስታወቂያና ጥቂት ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ቋንቋም ፍሬምዎርክም አያስፈልገው ይሆናል፤ ተራ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ይበቃዋል። በሰርን የተጻፈው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ዛሬም በማንኛውም ብራውዘር ይነበባል። አዘጋጆቹ ብዙ ሆነው ባለሙያ ካልሆኑ ዎርድፕረስ ይሻላል፤ ተተኪ ለማግኘት ይቀላልና። የራስዎ አሠራር ካለዎት፣ ለምሳሌ የእድር መዋጮ ሒሳብ፣ ጃንጎ ወይም ላራቬል ይሁን፤ ከሁለቱ በአካባቢዎ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚያውቀውን ይምረጡ። ሪአክትንና መሰሎቹን ገጹ በእርግጥ እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ሲሆን ብቻ ይውሰዱ።

የመረጡት ምንም ይሁን ምን፣ ለሠሪው ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አራት ነገር ይፈትሹ፦

1. ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ አስገብተው መልሰው ያንብቡት፤ አጭር መግለጫው የት ላይ እንደተቆረጠ ይዩ።
2. «ዓለም» ብለው ጽፈው በ«አለም» ይፈልጉት።
3. የገጹ ስምና ክፍያው በማኅበሩ ስም መሆኑን፣ የይለፍ ቃሉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ መኖሩን ያረጋግጡ።
4. የመረጃ ቋቱ ቅጂ በየወሩ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ቅጂው በእርግጥ መከፈቱን ይሞክሩ።

እነዚህን አራቱን ያለፈ ገጽ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ አልሟገትም። ቸር ይግጠመን።