ቤተ መንግሥቱን ያነደደች ቀዳዳ

ታኅሣሥ 21 ቀን 1830 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ዲሴምበር 29 ቀን 1837) ማታ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላይ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ቴአትር እያዩ ሳሉ መርዶ ደረሳቸው። የክረምት ቤተ መንግሥታቸው እየነደደ ነበር።

ጭሱ መጀመሪያ የታየው በፊልድ ማርሻሎች አዳራሽ ከአንድ የሙቅ አየር መውጫ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ግድግዳ ተናደና ከጀርባው የተደበቀው ነበልባል ወጣ። እሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ነደደ፤ ፍርስራሹ ለቀናት ጨሰ። የክብር ዘበኞች ሥዕሉን፣ ወንበሩን፣ የብር ዕቃውን እየተሸከሙ ከአደባባዩ በረዶ ላይ ከመሩት። አንድ ትልቅ መስታወት ለማውረድ ሲታገሉ ንጉሡ የቴአትር መነጽራቸውን ወርውረው ሰባበሩት ይባላል፤ ሰዎቹ ነፍሳቸውን እንዲያድኑ ነው። ከጎኑ ያለው ኤርሚታዥ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የሥዕል ስብስብ ማኖሪያ፣ የተረፈው መተላለፊያዎቹ በችኮላ በጡብ ስለተደፈኑ ነው።

መርማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ምድጃ ላይ ነበር። አዳራሹን ከሦስት ዓመት በፊት የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሞንፌራን ነው። ሥራው ጥድፊያ ስለነበረበት ግድግዳውም ጣሪያውም በእንጨት ተሸፍኗል። ከእንጨቱ ጀርባ በሚያልፈው የጭስ ማውጫ ላይ ደግሞ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ነበር። ጥቀርሻው ሲቀጣጠል ነበልባሉ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ደረቁን ሳንቃ አገኘው። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከምድር ቤቱ መድኃኒት መቀመሚያ ጋር ያያይዙታል፤ እዚያ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ በሰሌን ይወተፍ ነበር አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ቤቱን የበላው ማንም የማያየው እንጨት ነው። የሚገርመው፣ የተረፈው ዕቃ የተከመረው ራሱ ሞንፌራን ባቆመው የአሌክሳንደር ሐውልት ዙሪያ ነበር።

እንጨት በነበልባል ብቻ አይነድም። ለዓመታት ከሞቀ ጡብ አጠገብ የኖረ ወራጅ ቀስ እያለ ይከስላል፤ የከሰለ እንጨት ደግሞ ትኩስ እንጨት ከሚነድበት እጅግ ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። አሥር ክረምት ምንም ያልሆነ ምድጃ በአሥራ አንደኛው ቤት የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በአሜሪካ የእንጨት ምድጃ ከሚነድ ግድግዳ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከሥሩም የማይነድ ንጣፍ ይኑር የሚለው ደንብ የተጻፈው ይህን በመፍራት ነው።

ንጉሡ ቤተ መንግሥቱ ቶሎ እንዲታደስ አዘዙ፤ ሥራው ለአርክቴክቶቹ ለስታሶቭና ለብሪዩሎቭ ተሰጠ። መልኩ የቀድሞው ሆኖ አጥንቱ ተለወጠ። የጣሪያው ማገር ብረት ሆነ፤ የወለሉ ወራጅም እንዲሁ። በብረቱ መካከል ደግሞ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የሸክላ ማሰሮዎች ተደረደሩ። ማሰሮ ከጡብ ይቀላል፣ ከእንጨት በተለየ አይነድም፤ እንደዚያ ሰፊ አዳራሽ ለሚሸፍን ሰው ጥሩ መፍትሔ ነበር። ማሞቂያውም ተቀየረ። ጄኔራል አሞሶቭ የፈለሰፈው ምድጃ ከምድር ቤት ይቀመጣል፤ አየሩ በጡብ ክፍል ውስጥ ይሞቅና በግድግዳ ቦዮች ወደ ላይ ይወጣል። እሳት በየክፍሉ መንደዱ ቀነሰ፤ አየሩ ግን ደረቅ ነበር።

አብዛኛው ሥራ ለ1831 ዓ.ም. ፋሲካ ደረሰ፤ 15 ወር ገደማ መሆኑ ነው። ለሠሩት ሰዎች «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሜዳሊያ ተቀረጸ። በዚያው ዓመት ሩሲያን የጎበኘው ፈረንሳዊው ማርኪ ደ ኩስቲን ግን ሌላ ነገር ጻፈ፦ ውጭ በረዶ፣ ውስጥ እርጥቡን ግድግዳ ለማድረቅ የነደደ ኃይለኛ እሳት፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለሱ ሠራተኞች ደግሞ ይሞቱ ነበር። ኩስቲን ሩሲያን የሚወድ ተመልካች ስላልነበር ያለውን ሁሉ መቀበል ያስቸግራል። ያም ሆኖ ያ ሁሉ ግድግዳ በአንድ ዓመት የደረቀው ያለ ዋጋ ነው ማለት አይቻልም።

ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ወዲህ አብዮትንም፣ ከተማዋ ሌኒንግራድ ትባል በነበረበት ጊዜ የደረሰባትን ከበባም አይቷል። ዛሬ የኤርሚታዥ ሙዚየም ዋና ሕንጻ ነው፤ ከእሳቱ በኋላ የተተከሉት የብረት ማገሮችም አሁንም ጣሪያውን ተሸክመዋል።